ጥማቱ የሙቀት አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ድሬዳዋ ባጃጅ የምነዳ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከዚራ ተራ ስጠብቅ ነው፤ አንዳችን እንገዛለን፣ ስድስት ሰባት ሆነን እንቀባበለዋለን። በቀደም ስለ ስኳር ሕመም ሙሉ ገጽ አውጥታችሁ ነበር። ስለ ቦርጭ፣ ጮማ ስለመቀነስ፣ በእግር ስለመሄድ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። ግን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ራሴን አጣሁት። እኔን ስለያዘኝ ዓይነት ስኳር ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም "ሕፃናትንና ታዳጊዎችን የሚያጠቃ" ብሎ ያልፋል።

እኔ ሕፃን አይደለሁም። 34 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ቦርጭ ኖሮኝ አያውቅም። ግን ላለፉት ሁለት ዓመታት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እየተወጋሁ ነው የምኖረው፣ ባቆም በቀናት ውስጥ ሆስፒታል እገባለሁ። ድሬ ላይ እንደኔ ዓይነቱ ሰው ብዙ ቦታ ሲሳሳት አይቻለሁ፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ስለዚህ ደብዳቤው ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነው። ድሬን የሚያውቅ ግንቦትን ያውቃል። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ አስፋልቱ ከታች ይፋጃል። እኛ ባጃጅ ላይ የምንውል ሰዎች በዚያ ሰሞን ሥራችን ውኃ መጠጣት ነው። እኔ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በቀን ሦስት አራት መጨረስ ጀመርኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ምን ይበለኝ? ሁሉም ይጠጣል። ድሬ ላይ የጠማው ሰው ታሟል አይባልም።

ቀጥሎ ሽንቱ መጣ። ከሳቢያን ተነስቼ ቀፊራ እስክደርስ ሁለት ቦታ ማቆም ግድ ሆነብኝ፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኔም አፍራለሁ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እነሳለሁ። ባለቤቴ "ኧረ አንተ ሰው ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ውኃ በዝቶ ነው" እላታለሁ። እውነትም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ከሳሁ። ከ64 ኪሎ 55 ገባሁ። ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ጊዜ በሳሁት። ጓደኞቼ "ጫቱ ነው፣ ቀንስ" አሉኝ፣ ቀነስኩ፣ መክሳቴ አልቆመም። ማታ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ይበተንብኝ ጀመር፣ እሱንም አቧራ ነው አልኩ።

ያነቃችኝ ሐረር ያለችው አክስቴ ናት። በሰኔ የልጇ ሠርግ ነበር፣ በሚኒባስ ሄድን። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደንገጎን ከወጣህ በኋላ ግን አየሩ ሌላ ነው፣ መስኮት የሚያዘጋ ንፋስ ይመጣል። እኔ ደንገጎ ላይ ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። ሐረማያ ሳንደርስ ደግሞ አስቆምኩት። ሐረር ብርድ ልብስ ተከናንበን ነው ያደርነው፣ ያም ሆኖ ጭንቅላቴ አጠገብ የነበረውን አንድ ጆግ ውኃ ብቻዬን ጨረስኩት፣ ሌሊቱንም በሩን ስከፍትና ስዘጋ አነጋሁ። ጠዋት አክስቴ ጆጉን አንስታ አየችውና "አንተ ልጅ፣ እዚህ ምን ሙቀት አለና ነው እንዲህ የሚጠማህ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

አሁን ሳስበው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ እባካችሁ ይሄን አትቁረጡብኝ። ሙቀት ያስጠማው ሰው ያልበዋል። ውኃው በላብ ስለሚሄድ ሽንቱ ያንሳል፣ ቢጫነቱ ይጨምራል። ስኳር ያስጠማው ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። ደሙ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ኩላሊቱ በሽንት ሊያስወጣው ይሞክራል፣ ስኳሩ ሲወጣ ደግሞ ውኃውን ይዞት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ይሸናል፣ ስለሚሸና ይጠማዋል፣ ስለሚጠማው ይጠጣል። እየጠጣህ እየጠጣህ ሽንትህም እንደ ውኃ ነጭ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ካመላለሰህ፣ እሱ የድሬ ሙቀት አይደለም። በዚያ ላይ እየበላህ ከከሳህ ነገ ዛሬ ሳትል ተመርመር። ጣት ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ተመለስኩና አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። መሣሪያው 386 አለ። ምንም ነገር ሳትመገብ ጠዋት 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ምልክቱ እያለብህ በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው ማለት ነው፣ እኔ በጣም አልፌዋለሁ። ሁለት ዓይነት ክኒን ተሰጠኝና "አዋቂ ስለሆንክ ሁለተኛው ዓይነት ነው፣ ጣፋጭና ዱቄት ነገር ቀንስ" ተባልኩ።

የክሊኒኩን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። በአዋቂ ዕድሜ ስኳር ከሚይዘው ሰው አብዛኛው ሁለተኛው ዓይነት ነው፣ በክኒን ይጀመራል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ለምን እንዲህ እንደከሳሁ ማንም አልጠየቀኝም። ሽንቴ ለኬቶን፣ ማለትም ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ውስጥ ለሚጠራቀመው አሲድ፣ አልታየም። "ካስመለሰህ ወይ ሆድህን ካመመህ ሳትውል ሳታድር ና" ያለኝም የለም። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገረኝ ኖሮ የዚያን ዓመት ጳጉሜን እንደዚያ አላሳልፈውም ነበር።

ክኒኑን በሥርዓቱ ዋጥኩ። ምግቡንም ከልቤ ቀነስኩ። ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ፣ ሆጃ እንኳ ተውኩ፣ እንጀራ ከግማሽ በታች አደረግኩ። ስኳሩ ትንሽ ወርዶ መልሶ ይወጣል። እኔ "ገና ብዙ እየበላሁ ነው" ብዬ ይባስ ቀነስኩ። ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ሳስርብ ነበር የከረምኩት። 50 ኪሎ ገባሁ። እናቴ ስታየኝ ፊቷን ታዞር ነበር።

ጳጉሜ ላይ ማስመለስ ጀመረኝ። ሆዴን ቆረጠኝ። ድሬ ላይ ሰው ሲያስመልሰውና ሲደክመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፣ ወይ ደንጊ፣ ወይ ታይፎይድ። እኔም ሁለት ቀን "ታይፎይድ ይሆናል" ብዬ ተኛሁ። ምግብ ስላልበላሁ ክኒኑንም ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አተነፋፈሴ ተለወጠ፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ከሆዴ ነበር የምተነፍሰው። ባለቤቴ ጠጋ ብላ "አፍህ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል" አለችኝ። ያ የኬቶን ሽታ ነው። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩን መጠቀም አይችልም፣ ስብ ያቃጥላል፣ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በሰዓቱ ካልተደረሰለት ይገድላል። ጓደኛዬ በራሱ ባጃጅ ነው ሆስፒታል ያደረሰኝ። ግሉኮስ ሳይሆን ጨዋማ ውኃ በደም ሥር፣ ኢንሱሊን በየሰዓቱ። ሁለት ሌሊት አላስታውስም።

ስነቃ አንድ ወጣት ሐኪም አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ። አነጋገሩን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ቆሽትህ ኢንሱሊን ማምረት እያቆመ ነው። ክኒኑ ያለውን ኢንሱሊን ነው የሚያግዘው፣ የሌለውን አይፈጥርም" አለኝ።

"ዶክተር፣ ይሄ አንደኛው ዓይነት የሚባለው የልጆች አይደለም እንዴ?" ስለው አይደለም አለኝ። የሰውነት መከላከያ ቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሕዋሳት በስህተት ያጠቃቸዋል፣ ይሄ በ5 ዓመትም በ50 ዓመትም ይመጣል፣ ከሚይዛቸው ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ልጅነትን ካለፉ በኋላ ነው የሚታወቅባቸው አለ። አዋቂ ላይ ሲሆን አንዳንዴ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ወራት፣ አንዳንዱ ላይ ዓመታትም ክኒኑ የሠራ ይመስላል፣ ከዚያ ይከዳል። ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ፣ እኛ ዘንድ ግን እንደልብ አይገኝም። እሱ የፈረደው በሚያየው ነገር ነው። ቀጭን መሆኔን፣ በፍጥነት መክሳቴን፣ ኬቶኑን፣ ክኒኑ አለመሥራቱን አይቶ።

ኋላ ላይ ራሴ እየፈለግኩ ሳነብ የገረመኝ ነገር አገኘሁ። ጎንደር ዙሪያ በገጠር ኢንሱሊን በሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕሙማን ላይ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። አብዛኞቹ ቀጫጭን፣ ድሆች፣ ወጣትና ጎልማሳ ወንዶች ናቸው፣ ሕፃናት አይደሉም። አጥኚዎቹ በልጅነት ከነበረ የምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ ይሆን ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር "ዓይነት 5" ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ የኔ የትኛው እንደሆነ አሟልቶ የሚነግረኝ ምርመራ አላገኘሁም። ግን አያችሁ፣ "ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው" የሚለው አባባል እዚሁ አገራችን ውስጥ ስንቱን ገበሬ ሳይታይ አሳልፎታል!

ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ስገባ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። እናቴ ክኒን ሲሆን አላለቀሰችም፣ መርፌ ሲሆን አለቀሰች። ጎረቤቱ ሁሉ የሚለው አንድ ነው። "ኢንሱሊን የመጨረሻው ነው።" "አንዴ ከጀመርክ አትወጣም።" "እገሌ ጀምሮ ዓይኑ ጠፋ።" ይሄን የምትሰሙ ሁሉ እባካችሁ ስሙኝ። የዚያ ሰው ዓይን የጠፋው ብዙ ዓመት ከፍ ብሎ በቆየ ስኳር ነው፣ ኢንሱሊኑ ዘግይቶ የደረሰለት ነው። እኔን ኢንሱሊን አልጎዳኝም። በሁለት ወር ውስጥ 59 ኪሎ ገባሁ፣ የመብራቱ መበተን ጠፋ፣ ልጄን ተሸክሜ ደረጃ ወጣሁ።

ሐኪሙ አንድ ታሪክ ነግሮኝ ነበር፣ ለናቴ መልሼ ነገርኳት። ከዛሬ 100 ዓመት ምናምን በፊት እንደኔ የታመመ ሰው ወራት ቢቆይ ነው፣ መድኃኒት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግ የሚባል ሐኪምና ቤስት የሚባል ረዳቱ ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት አወጡት፣ ማክላውድና ኮሊፕም አብረው ሠርተዋል። በጥር 1922 የመጀመሪያው የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ነበር፣ ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ተረፈ። የፈጠራ መብቱን ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው በ1 ዶላር ነው የሸጡት፣ ሁሉም ሰው እንዲያገኘው ብለው። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "ያ ልጅ እናት ነበረችው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያን ቀን ጀምራ መርፌዬን ስወጋ ፊቷን አታዞርም።

ሌላ ሰው የማይናገረው ነገር አለ። ኢንሱሊን በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ ስኳሬ እየወረደ መጣ። መጠኑ ተቀነሰ፣ አሁንም ተቀነሰ፣ በቀን ስምንት ዩኒት ብቻ ሆነ። ሰው "ድነሃል" አለኝ። አንዱ ጥቁር አዝሙድ አመጣልኝ፣ ሌላው የማር መድኃኒት አለ፣ "እሱን ተውና ይሄን ያዝ" አለኝ። እኔም ልቤ ከጅሏል፣ አልዋሽም። ሐኪሞች ይሄን የጫጉላ ጊዜ ይሉታል። ኢንሱሊኑ ሲያግዘው ቆሽቱ ትንሽ ያርፍና የቀረችውን ጉልበት ያወጣል። ወራት ይቆያል፣ ከዚያ ያልቃል። ሰው በዚህ ሰዓት ነው ተፈወስኩ ብሎ የሚያቆመውና ኬቶን ይዞት የሚመለሰው፣ አንዳንዱም አይመለስም። ጥቁር አዝሙድ የሚጠቀም ይጠቀም፣ ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ እኔም ዱዓ አደርጋለሁ፣ ግን መርፌውን ይዞ ይሂድ።

ስለ መውረዱ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ሙቀቱ እዚህም ይደብቃል።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ደርቶ ነበር፣ ሥራ በዛና ምሳ ሳልበላ ቀረሁ። ጠዋት የምወጋው ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚበረታው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ምግቡ ካልጠበቀው ስኳሩን ይዞት ይወርዳል። 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀፊራ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጫንኩ፣ ሁለት ዘንቢል ይዘዋል። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ላቤ ይንቆረቆራል። ድሬ በ7 ሰዓት ተኩል ማን የማያልበው አለ? ግን ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። መሪውን የያዘው እጄ ይንቀጠቀጣል። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ወዴት እንደምሄድ ግን ጠፋኝ። እንደምንም ዳር ይዤ አቆምኩ።

"ምነው ልጄ?" አሉኝ።

"እማማ፣ ስኳር አለብኝ፣ ወርዶብኝ ነው" አልኩ፣ ምላሴ ተሳስሮ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስኳር አለብኝ ስትለው ጣፋጭ ይሸሽግልሃል። እሳቸው ግን ዘንቢላቸውን ፈተው ተምር አወጡ፣ ፍሬውን እያወጡ አንድ በአንድ አጎረሱኝ። ኋላ እንደነገሩኝ ባለቤታቸውም እንደኔ ነበሩ። ሩብ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ተቀመጥን። ሰው አለፈ፣ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ግንባሬን ይጠርጉልኛል። ሂሳብ ልተውላቸው ብል እምቢ ብለው ከፈሉ። እኔ እኚህን ሴትዮ እስከ ዛሬ በየመንገዱ እፈልጋቸዋለሁ፣ አላገኘኋቸውም። ይሄን ጋዜጣ የሚያነብላቸው ልጅ ካላቸው፣ እማማ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት።

ከዚያ ወዲህ ሳልመረመር ባጃጅ አላስነሳም። ከ70 በታች ከሆነ አልነዳም፣ የሰው ነፍስ ይዤ ነው የምሄደው። ኪሴ ውስጥ ስኳር አለ፣ በፕላስቲክ የታሠረ። ሲወርድ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ወይ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ከዚያ ምግብ መብላት። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱበት፣ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ለተራ ጓደኞቼ ሁሉ ይሄን አስተምሬያቸዋለሁ። ጫት የሚቅም የስኳር ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፣ ጫት ምሳ ያስረሳል፣ ኢንሱሊን ግን ምሳ አይረሳም።

ረመዳን ሲመጣ በጣም አዘንኩ። ከልጅነቴ አንድ ቀን ፈትቼ አላውቅም። ሐኪሙ ለኔ ዓይነቱ ጾም አደጋ አለው አለኝ። የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ሄድኩ። "የታመመን ሰው አላህ ራሱ በቁርኣን ፈቅዶለታል፣ አንተ ከአላህ በላይ አትሁን። አብሽር" አሉኝ። መጾም የማይችል ሕመምተኛ ድሃ እንደሚያበላም ነገሩኝ፣ እንደዚያ አደርጋለሁ። ክርስቲያን ጓደኞቼም ለሁዳዴ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር ቢማከሩ እላለሁ፣ ዝም ብሎ ምግብ ትቶ ኢንሱሊን መውጋትም፣ ኢንሱሊን ትቶ መጾምም ሁለቱም ጣጣ ያመጣል።

አሁን ወደ ኢንሱሊኑ ልምጣ፣ ድሬ ላይ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነውና። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኛ ቤት ፍሪጅ የለም። የሰፈራችን ባለ ሱቅ፣ ውለታው አይከፈልም፣ ለስላሳ ፍሪጁ ውስጥ ቦታ ሰጠኝ። አንድ ቀን ብልቃጡን ከኋላ በረዶው አጠገብ ገፍተውት አገኘሁት። አወጣሁና በመዳፌ መካከል አንከባለልኩት። የኔ ዓይነቱ ኢንሱሊን ደህና ሲሆን እንደ ወተት እኩል ነጭ ይሆናል። ይሄኛው ቁርጥራጭ ነገር ይንሳፈፍበታል፣ ብልቃጡ ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ውርጭ የተጣበቀ ነገር አለ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን አበቃለት፣ ቢቀልጥም አይመለስም። የአንድ ወር መድኃኒቴ ነበር። ጣልኩት። ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ከኔ በላይ ደነገጠ፣ አሁን ከፊት መደርደሪያ ላይ በካርቶን አድርጎ ነው የሚያስቀምጥልኝ።

የተከፈተውንስ? እሱ ፍሪጅ ባይገባም ወር ገደማ ይቆያል፣ ግን ከ30 ዲግሪ በታች ነው የሚባለው፣ የኛ ቤት ከሰዓት ከ30 በላይ ነው። መፍትሔውን ያመጣችው እናቴ ናት። ድሮ ፍሪጅ ሳይኖር ውኃ በሸክላ ይቀመጥ እንደነበር አስታወሰችኝ። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገባን፣ መካከሉን አሸዋ ሞላነው፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጣዋለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ትከድነዋለች፣ ንፋስ የሚነካው ጥላ ቦታ ታደርገዋለች። ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ ይገባል። ቴርሞሜትር ተውሼ ለካሁት፣ ክፍሉ 36 ሲሆን ማሰሮው ውስጥ 27 ነበር። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት አለ፤ ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ለክተው፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚወጣና በሚወርድ ሙቀት ውስጥ 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ጉልበቱን እንዳላጣ አሳይተዋል። ይሄ ብዙ ጭንቀቴን ቀነሰልኝ። ግን ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ብልቃጥ ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ሙቀቱ ከዚህ በጣም ያልፋል። በፍጹም አታድርጉት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እናንተ ስለ ስኳር ስትጽፉ ስለኛም ጻፉ። በክሊኒክ የምትሠሩ እህት ወንድሞቼ፣ አዋቂ ሰው ከስቶ፣ እየተጠማ፣ ወይም እያስመለሰው ሲመጣ ለወባና ለደንጊ ደሙን ስትወስዱ አንዷን ጠብታ ለስኳር አድርጓት። ክኒን ጀምሮ መክሳቱ ያልቆመውን ሰው "ምግብ ቀንስ" ብላችሁ ብቻ አትመልሱት። የመለኪያ ስትሪፕ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ ሰው በግምት ነው የሚወጋው፣ በግምት መወጋት ምን እንደሚያመጣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፣ ማቅረብ የምትችሉ አስቡበት። ፍሪጅ ያላችሁ ባለ ሱቆችም ከፊት መደርደሪያ ላይ አንዲት የካርቶን ቦታ ብትሰጡ ብልቃጧ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ታንሳለች።

ባለፈው ሳምንት አንድ የተራ ጓደኛችን፣ 29 ዓመቱ ነው፣ ሃይላንዱን በሁለት ትንፋሽ ጨርሶ ባዶውን ወረወረና "አቦ ዘንድሮ ሙቀቱ ጉድ ነው" አለ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ጠየቅኩት። "ሦስት አራቴ" አለኝ። ቀበቶውን አየሁት። መለኪያዬን አውጥቼ ጣቱን ወጋሁት፣ 312 አለ። በማግስቱ ራሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፣ ሽንቱንም ለኬቶን አስመረመርኩት። ኢንሱሊን ተጀመረለት። ማሰሮውን ለሱም እናቴ እያዘጋጀችለት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ገልጫለሁ)